መከራ፣ ጥምና የተወላገደ ጎማ፦ ስለ ቡድሃ ትምህርት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን የምናነብ ጥቂት ወዳጆች አለን። ባለፈው ክረምት ተራው የቡድሂዝም ሆነና እኔ እንዳቀርብ ተመደብኩ፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ የቅኔ ተማሪውም ይጠይቀኛል፤ እናቴም አልቀረችም። ለእያንዳንዱ ከመድገም ብዬ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። እኔ የቡድሃ ተከታይ አይደለሁም፤ ባደግሁበት አጥቢያ የተጠመቅሁ ክርስቲያን ነኝ። የሰውን ትምህርት ግን ባለቤቶቹ በሚያምኑበት መልክ ማስረዳት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቡድሃ «ሕይወት መከራ ነው» ብሏል የሚባለው እውነት ነው?

በዚህ አነጋገር አይደለም። በመጀመሪያው ስብከቱ የዘረዘራቸው ነገሮች አሉ፤ መወለድ፣ ማርጀት፣ መታመም፣ መሞት፣ ከማይወዱት ጋር መኖር፣ ከሚወዱት መለየት፣ የፈለጉትን ማጣት። እነዚህን ሁሉ፣ ጥንታውያኑ የቡድሂስት መጻሕፍት በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ፣ «ዱክኻ» ይላቸዋል። ችግሩ የሚጀምረው ቃሉን «መከራ» ብለን ስንተረጉመው ነው። በእኛ ቋንቋ መከራ ሲባል ረሃብ፣ ስደት፣ ሬሳ ይታየናል። በዚህ ዘመን ደግሞ ጎጃም ውስጥ ቃሉን ያለ ጥንቃቄ የሚያነሣው ሰው የለም። ስለዚህ ሰርግ ላይ እስክስታ የሚመታውን ጎረምሳ እያሳየ «ይህም መከራ ላይ ነው ልትለኝ ነው?» ብሎ የሚሞግተኝ ሰው አይጠፋም። በአማርኛው ቃል ከሄድን ሞጋቹ ረትቷል።

ቃሉን ከጋሪ ጋር የሚያያይዙ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ። «ኻ» በመንኮራኩር መሃል ያለው፣ ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። «ዱ» መጥፎ ማለት ነው፤ «ሱ» ደግሞ መልካም። ቀዳዳው በትክክል ከተበሳ «ሱክኻ»፣ ከተዛነፈ «ዱክኻ»።

ይህን ለመረዳት ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄዶ ጋሪ መሳፈር ይበቃል። አንድ ቀን ከመናኸሪያ ወደ ገበያ የተሳፈርኩበት ጋሪ የግራ ጎማው ይወላገድ ነበር። ፈረሱ ጤነኛ ነው፤ መንገዱ ደህና ነው፤ ባለጋሪውም ጨዋታ አዋቂ ነበር። ጎማው በዞረ ቁጥር ግን መቀመጫው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። ማንም አልቆሰለም፤ ማንም አላለቀሰም። ሆኖም ገበያው እስክንደርስ ድረስ አንዲት ደቂቃ እንኳን ተደላድዬ አልተቀመጥኩም። ዱክኻ ማለት የጋሪው መገልበጥ ብቻ ሳይሆን ይህ መወላገድም ጭምር ነው።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው?

አንድ ቃል አይበቃውም። አንዱን ምረጥ ከተባልኩ ግን «ጉድለት» እላለሁ። ሽማግሌዎቻችን «ዓለም ጎደሎ ናት» ሲሉ እንባ ብቻ አይደለም የሚታያቸው፤ የሞላውም ነገር ሞልቶ እንደማይቆይ ነው የሚነግሩን።

ቡድሂስቶች ራሳቸው ዱክኻን በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ማንም የሚያውቀው ሕመምና ኀዘን ነው፤ የጥርስ ሕመም ትንታኔ አያስፈልገውም። ሁለተኛው በደስታ ውስጥ የተደበቀው ነው። ሰርጉ ባለፈ ማግስት ማለዳ ሙሽሮቹ ሄደው፣ ዳሱ እየፈረሰ፣ ከጎረቤት የተዋሱት ብርጭቆ እየተቆጠረ ሲመለስ የሚሰማውን ዝምታ አስቡት። ሰርጉ መጥፎ ስለነበር አይደለም፤ ጥሩ ስለነበር ነው እንጂ። ሦስተኛው ረቂቁ ነው። «እኔ» የምንለው ነገር የአካል፣ የስሜት፣ የማስተዋል፣ የፈቃድና የንቃት ስብስብ ነው ይላሉ፤ አምስቱም በየቅጽበቱ ይለዋወጣሉ። በሚለዋወጥ ነገር ላይ የማይለወጥ ቤት ለመሥራት መሞከር በራሱ ዱክኻ ነው። ለቅኔ ሰዎቻችን የመጀመሪያው ሰም፣ ሦስተኛው ወርቅ መሆኑን ስነግራቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ያጠናነው ነን ብዙ ጊዜ የወሰደብን።

እግረ መንገዴን አንድ የቃል አጋጣሚ ላንሣ። አንዳንዶች ቃሉን «ዱካ» ብለው ይጽፉታል። በአማርኛ ዱካ የኮቴ ምልክት ነው። ዳማፓዳ የተባለው የቡድሂስቶች የግጥም መድበል የመጀመሪያ ስንኝ ደግሞ፣ በክፉ ልቡና የሚናገርን ወይም የሚሠራን ሰው ዱክኻ ይከተለዋል፣ መንኮራኩር ጋሪ የሚስበውን በሬ ኮቴ እንደሚከተል ይላል። ፓሊና አማርኛ ዝምድና ኖሯቸው አይደለም፤ ግን ያምራል።

ይህን ያስተማረው ማን ነው? የት?

ሲድሃርታ ጋውታማ ይባላል። የሻክያ ወገን ነው፤ ተወለደባት የምትባለው ሉምቢኒ ዛሬ ኔፓል ውስጥ ትገኛለች። በባህሉ እንደሚነገረው በ29 ዓመቱ ቤቱን ጥሎ መነነ፤ በ35 ዓመቱ ቦድ ጋያ በሚባለው ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነቃ፤ «ቡድሃ» ማለትም «የነቃው» ማለት ነው። የመጀመሪያውን ስብከት በቫራናሲ አጠገብ በምትገኘው ሳርናት ለአምስት ባልንጀሮቹ ሰጠ። የስብከቱ አካሄድ የሐኪም ነው፤ በሽታው ይህ ነው፣ መነሻው ይህ ነው፣ መዳን ይቻላል፣ መድኃኒቱ ይህ ነው። አራቱ ክቡራን እውነቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

መነሻው ምንድን ነው ይላል?

ጥም። «ታንሃ» የሚለው ቃል በቀጥታ የውኃ ጥም ማለት ነው፤ እንግዲህ እዚህ ላይ አማርኛ አልተቸገረም። «ምኞት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ምኞት ግን ለስላሳ ነው፣ መልካም ምኞትም አለ። ጥም ያስገድዳል።

ጥሙ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ የዓይን፣ የጆሮ፣ የምላስ፣ የገላ ደስታን መጠማት ነው። ሌላው «ልኑር፣ ልታወቅ፣ እንዲህ ያለ ሰው ልሁን» የሚለው ነው። ሦስተኛው ብዙዎችን ያስገርማል፤ አለመኖርን መጠማት ነው። «ይህ ነገር በጠፋልኝ፣ እኔም በጠፋሁ» የሚለው ጩኸት ለቡድሃ ከጥም መውጫ አይደለም፤ ጥሙ ራሱ ልብስ ቀይሮ ሲመጣ ነው።

ማንኛውም ፍላጎት ኃጢአት ነው ማለት ነው?

አይደለም። መልካም ለመሥራት፣ ለመማር፣ ሰውን ለመርዳት መፈለግ ሌላ ስም አለው፤ ከዱክኻ የሚያወጣው መንገድም ያለ እሱ አይኬድም። ሲጠማ ውኃ መጠጣትም ታንሃ አይደለም። ወደዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

በሬዬ ሞተ። ይህ ትምህርት ምን ይጠቅመኛል?

ይህን የጠየቀኝ የቢቸና ገበሬ ነው፤ ቀልዱን እንዳልሆነ ፊቱ ይናገር ነበር። የሰኔ እርሻ ሲጀመር ከጥማድ አንዱ ሲሞት ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አልነግረውም።

ቡድሃ የሁለት ፍላጻ ምሳሌ አለው። ሰው በፍላጻ ሲመታ ያመዋል፤ ያልሠለጠነ ሰው ግን ወዲያው በሁለተኛ ፍላጻ እንደ ተወጋ ይሆናል። የመጀመሪያው በአካል ላይ የደረሰው ነው። ሁለተኛው አእምሮ የሚጨምርበት ነው። የበሬው ሞት የመጀመሪያው ነው፤ እውነተኛ ኪሳራ ነው፣ ትምህርቱም «አያምህም» አይልም። ሌሊቱን ሙሉ እየተገላበጡ «የጎረቤቴ በሬ ሳይሞት የእኔ ለምን? ባለፈው ሳምንት ሸጬው ቢሆን ኖሮ፤ እኔ እኮ ዕድል የለኝም፤ ሰው ምን ይለኝ ይሆን?» ማለት ሁለተኛው ነው። እኛ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። ልዩነቱ ተረታችን ሁለቱንም ከውጭ የመጡ ማድረጉ ነው፤ ቡድሃ ግን ጆሮ ደግፉን ያመጣኸው አንተ ነህ ይላል።

ገበሬው ሰምቶ ሲያበቃ «ሁለተኛውን ብነቅለው የመጀመሪያው ያርሳል?» አለኝ። አያርስም። ግን ማለዳ ተነሥቶ መቀናጆ የሚሆነውን ባለ አንድ በሬ ለመፈለግ፣ ሌሊቱን የተኛ ሰው ይሻላል።

መጽናኛውስ የት አለ? ልጅ ለሞተባት እናት ምን ይላል?

እዚህ ላይ የኪሳ ጎታሚን ታሪክ ሁልጊዜ እናገራለሁ። አንድ ልጇ የሞተባት ሴት ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ፍለጋ ትዞራለች። ቡድሃ ዘንድ ስትደርስ «መድኃኒት አለ፤ ሰናፍጭ አምጪልኝ፤ ሰናፍጩ ግን ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት የመጣ ይሁን» ይላታል። ትሄዳለች። ሰናፍጭ የሌለው ቤት የለም፤ ሞት ያልገባበት ቤትም የለም። አንዱ አባት፣ ሌላው ሚስት፣ ሌላው ልጅ ቀብሯል። በመጨረሻ ልጇን አሳርፋ ትመለስና ትመነኩሳለች።

ይህን ለእናቴ የነገርኳት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው፤ እንዳጋጣሚ እሷም ሰናፍጭ በሰፌድ ትለቅም ነበር። እጇን ሳታቆም ሰማችኝና «ይህማ ለቅሶ መድረስ ነው» አለች። «እኛ ኀዘንተኛዋ ቤት እንሄዳለን፤ እሱ ኀዘንተኛዋን ሰው ቤት ላካት። መንገዱን ገለበጠው እንጂ ሌላ ምን አደረገ?» በማንኛውም መጽሐፍ ያላገኘሁት ማብራሪያ ነው። ትንሽ ቆይታ «ሬሳውን እንደ ታቀፈች ነው ቤቱን ሁሉ የዞረችው?» አለችኝ። አዎ ስላት ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ትንሣኤ የለም። እኛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ነፍሱን ይማርልሽ» ብለን የምናሻግረው ተስፋ እዚያ የለም፤ ያለው አብሮነት ነው፣ ሞት በአንቺ ቤት ብቻ አልገባም የሚል። ይህ የማይበቃው ሰው አለ። ከእነሱ አንዱ እኔ ነኝ።

መከራ የሚመጣው በቀድሞ ሕይወት በሠሩት ክፉ ሥራ ነው ይላሉ?

ስለ ካርማ፣ ማለትም ሥራ ለሠሪው ፍሬ ያመጣል ስለሚለው እምነት፣ እና ስለ ዳግም ልደት ማስተማራቸው እውነት ነው። ሁሉም ነገር የዚያ ውጤት ነው ማለት ግን ሌላ ነው። ሲቫካ የተባለ መናኝ ይህንኑ ጥያቄ ለቡድሃ አቅርቦለት ነበር። መልሱ ስምንት ምክንያቶችን ይዘረዝራል፤ ሐሞት፣ አክታ፣ ነፋስ፣ የሦስቱ መደባለቅ፣ የወቅት መለዋወጥ፣ ራስን አለመጠበቅ፣ ሰው ያደረሰው ጉዳትና በመጨረሻ የካርማ ፍሬ። «ሁሉም በቀድሞ ሥራ ነው» የሚሉ ሰዎች ከሚያውቁት አልፈው ተናገሩ ይላል። ጎረቤቱ ሲታመም «ምን ሠርቶ ይሆን?» ብሎ ለሚያንሾካሹክ ሰው ይህ መልስ እዚህም ይሠራል።

ለበደል ዝም በል ማለት አይሆንም?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ቡድሃ በተመረዘ ቀስት ስለ ተወጋ ሰው የተናገረው ምሳሌ አለ፤ ቀስቱን ከመንቀል በፊት ወርዋሪው ማን ነው፣ ወገኑ ምንድን ነው፣ ረጅም ነው አጭር እያለ የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው ይሞታል። ምሳሌው የተነገረው ዓለም ዘላለማዊ ናት ወይስ አይደለችም ብሎ ለሚከራከር መነኩሴ ነው፤ ለዚያ ግሩም ነው። የተበደለ ሰው ግን ቀስቱ ከተነቀለ በኋላ «ወርዋሪውስ?» ማለቱ አይቀርም፤ መብቱም ነው።

ከቡድሂስቶቹ መካከል ይህን አጥብቆ ያነሣ ሰው አለ። የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው አምቤድካር «የማይነኩ» ተብለው ከሚናቁት ወገን የተወለደ ነበር። በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናግፑር ከተማ ውስጥ በመቶ ሺህ ከሚቆጠሩ ወገኖቹ ጋር ወደ ቡድሂዝም ገባ። ለእሱ ዱክኻ ከሁሉ በፊት ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰው ግፍ ነው። ሁሉም ቡድሂስት አይስማማበትም። እኔ ግን ስለ መከራ የሚያስተምር ሰው አምቤድካርን ካላነበበ ትምህርቱ ጎደሎ ነው እላለሁ።

ከእኛ ባሕታውያን ጋር ይመሳሰላሉ?

ምናኔው፣ ዝምታው፣ ዛፍ ሥር ማደሩ ይመሳሰላል። መጽሐፈ መክብብን «ሁሉ ከንቱ ነው» እያለ ያደገ ሰውም ቡድሃን ሲያነብ እንግድነት አይሰማውም። ሥሩ ግን ይለያያል። ቡድሃ ትምህርቱን በፈጣሪ ላይ አልመሠረተም፤ ለእሱ መከራ ጸጋ ማግኛም፣ የበረከት ፈተናም አይደለም። ኢዮብ «ለምን?» ብሎ የሚጮኸው ወደ አንድ ሰሚ ነው። በቡድሃ ትምህርት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰሚ የለም።

ስለ ጾምም እንዲሁ። እሱ ራሱ ስድስት ዓመት ያህል ሰውነቱን አስርቧል፤ ሆዴን ስዳስስ የጀርባ አጥንቴን እጨብጥ ነበር ብሎ ተናግሯል። ጥቅም እንደሌለው ሲያይ ምግብ ተቀበለ፤ አምስቱ ባልንጀሮቹም «ፈታ» ብለው ጥለውት ሄዱ። በኋላ ሳርናት ላይ የመጀመሪያ ሰሚዎቹ የሆኑት እነሱው ናቸው። ሶና የሚባል ተማሪው ደግሞ እግሩ እስኪደማ ድረስ እየተመላለሰ ሲጸና፣ ቀድሞ ባለ አውታር መሣሪያ ይደረድር ስለነበር «ክሩ ሲጠብቅ ያምር ነበር? ሲላላስ?» ብሎ ጠየቀው። በገና የሚደረድር ሰው መልሱን ያውቀዋል።

የቡድሃ ታሪክ በግእዝ ተጽፏል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ይህን ጥያቄ ስለምወደው ረዘም ላድርገው። «በረላም ወይዋስፍ» የሚባል የግእዝ መጽሐፍ አለ። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ከዓረብኛ የተረጎሙት ሲሆን ዘመኑ 1553 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ከዓረብ አገር መጥተው ክርስትናን የተቀበሉ ሰው ነበሩ። ታሪኩ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። አባቱ ኀዘንና እርጅና እንዳያይ በቤተ መንግሥት ይዘጋበታል፤ ልጁ ግን ወጥቶ ሕመምተኛና ሽማግሌ ያያል፤ ልቡ ይሸበራል። ከዚያ በረላም የተባለ መናኝ እንደ ነጋዴ መስሎ፣ የከበረ ዕንቁ ይዣለሁ ብሎ ይገባና ያስተምረዋል፤ ልጁም ዙፋኑን ትቶ ይመንናል።

ሊቃውንት አመጣጡን ሲከታተሉ የደረሱት ሲድሃርታ ላይ ነው። ታሪኩ ከሕንድ ተነሥቶ በመካከለኛው እስያና በፋርስ በኩል ዓረብኛ ገባ፤ ከዚያ በክርስቲያኖች እጅ ልብስ ቀየረ። ስሙ እንኳን ምስክር ነው። «ቦዲሳትቫ» ማለት ቡድሃ ሊሆን ያለው ማለት ነው፤ በዓረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ፤ የ«በ» እና የ«የ» ፊደል በዓረብኛ ጽሕፈት የሚለዩት በነጥብ ብቻ ስለሆነ «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ፤ እየተንከባለለ «ይዋስፍ» ዘንድ ደረሰ። አንዲት ነጥብ ናት የለወጠችው! በምዕራብም በምሥራቅም ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ልዑል ከቅዱሳን ቆጥረውት ኖረዋል።

በረላም ከሚያስተምራቸው ምሳሌዎች አንዱ ለጎጃም ሰው የተጻፈ ይመስላል። ሰውየው ከአውሬ ሲሸሽ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅና ዛፍ ይዞ ይንጠለጠላል። ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ ነጭና ጥቁር አይጦች፣ ማለት ቀንና ሌሊት፣ የዛፉን ሥር ይቀረጥፋሉ። በዚህ መሃል ከቅርንጫፉ ማር ጠብ ሲል ያያል። ሁሉን ረስቶ ምላሱን ዘረጋ። ማር በሞላበት አገር ኖሮ ይህን ምሳሌ የማይፈራ ሰው የለም።

ኒርቫና ማለት መጥፋት ነው?

ኒርቫና የሚሉት ከዱክኻ መዳንን ነው፤ ቃሉ እሳት ሲጠፋ የሚባለው ነው። የሚጠፋው ግን ሰውየው ሳይሆን ሦስቱ እሳቶች፣ ስስት፣ ጥላቻና ድንቁርና ናቸው። ማገዶ ያልተጨመረበት ምድጃ እንደሚበርድ ማለት ነው። ከሞት በኋላ የነቃው ሰው አለ ወይስ የለም ተብሎ ሲጠየቅ ቡድሃ «አለ»ም «የለም»ም አላለም።

ቡድሃ ራሱ ከመከራ ነጻ ወጥቶ ነበር?

ከሁለተኛው ፍላጻ፣ አዎ ይላሉ። ከመጀመሪያው አልወጣም። ጀርባውን ያመው ስለነበር ስብከቱን ለተማሪው አሳልፎ ጋደም ያለበት ጊዜ ተመዝግቧል። በ80 ዓመቱ ስለ ራሱ ሲናገር ሰውነቴ በጠፍር ታስሮ እንደሚሄድ አሮጌ ጋሪ ነው አለ።

በዚያው ዓመት ወደ ኩሲናራ፣ ወደሚሞትባት ከተማ ሲጓዝ ሆዱን ክፉኛ ታመመ። ከመንገድ ወጣ ብሎ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ተማሪውን አናንዳን «ውኃ አምጣልኝ፤ ጠምቶኛል» አለው። ጥምን ነቅያለሁ ያለው ሰው ነው ይህን የሚለው። አናንዳ «አሁን 500 ጋሪዎች ወንዙን ተሻግረውበታል፤ ውኃው ደፍርሷል። ሌላ ጥሩ ወንዝ ቅርብ ነው» አለ። ሽማግሌው ደግሞ ጠየቀ፤ ለሦስተኛም ጊዜ ጠየቀ። አናንዳ ዕቃውን ይዞ ወረደ፤ ውኃው ጠርቶ አገኘው፤ ቀድቶ አመጣለትና ጠጣ።